መንታዎቹ ኮምፒውተሮች

ሰፈሩ «መሐንዲሱ» ይለዋል። መሐንዲስ አይደለም፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጣለት ከሱቁ ጎን ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲቀበለው ግን ቀልድነቱ ተረሳ።

ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ረዘም ያለ ደንበኛ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባባት። የሚመጣለት ብልሽትም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈብኝ» ይሉታል። እሱም ክዳኑን ይፈታል፣ ማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ በብሩሽ ያራግፋል፣ ከዚያም «አቧራ ነው። አየር ሲያጣ ይግላል፤ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል» ይላል። ይህችን ነገር ከመደጋገሙ የተነሳ ተኝቶም የሚላት ይመስላል።

ልቡ ያለው ግን እዚያ አይደለም። ቤቱ ውስጥ፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ሲሠራ ኖሯል። እሱ ራሱ ቼዝ አይሆንለትም። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛ ፂም እየላጨ፣ ሰሌዳውን በጎን እያየ ያሸንፈዋል። ቢሆንም እሱ የማያየውን የሚያይ ነገር ከእጁ ሊወጣ ይችላል የሚል ተስፋ አንድ ቀን አደረበት፤ አድሮም አልለቀቀውም። በዚህ ዓለም «ሠራሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገርለት ነገር ቢኖር ይኸው ፕሮግራም ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሐሳብ ይመጣለታል፤ ለምሳሌ ፕሮግራሙ ንጉሡ ፊት ለቆሙት ወታደሮች ይበልጥ እንዲሳሳ ማድረግ። ያንን ይጽፍና አዲሱን ፕሮግራም ከአሮጌው ጋር፣ ለሁለቱም እኩል የማሰቢያ ጊዜ ሰጥቶ፣ ብዙ ጨዋታ ያጋጥማቸዋል። አዲሱ ካሸነፈ ሐሳቡን ይይዛል፤ ከተሸነፈ ይጥላል። ለዚህ የሚሆኑ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት። ከአንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት አብረው የወጡ፣ በምንም የማይለያዩ ናቸውና መንታ ይላቸዋል። አዲሱ ፕሮግራም ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ባለው ላይ ይጫወታል፤ አሮጌው ደግሞ ከሚስቱ የስፌት መኪና እግር አጠገብ፣ ወለሉ ላይ በተቀመጠው። አለዋውጧቸው አያውቅም። መንታ አይደሉ? ምን ብሎ ይለዋውጣቸዋል?

ሚስቱ መጋረጃ ትሰፋለች። ለክሊኒክ፣ ለሆቴል፣ ለሰው ቤት። የሱ ሱቅ በቀዘቀዘ ጊዜ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው የሷ መጋረጃ ነው። አንድም ቀን ግን «ይሄ ነገርህ ምን ፈየደልን?» ብላው አታውቅም።

መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ሐሳቡ ይወድቅ ነበር። ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ግን እጁ የተፈታ መሰለው፤ የነካው ሁሉ ያሸንፍ ጀመር። ለማንም አላሳየውም፤ «ገና ነው» እያለ ይሸሽገው ነበር። ዘንድሮ ሚስቱና ፀጉር አስተካካዩ ግራና ቀኝ ይዘው ሲወተውቱት፣ ፕሮግራሞች በኢንተርኔት የሚጋጠሙበት ውድድር ላይ ተመዘገበ። የመላኪያው ቀን ቅዳሜ ሆነ።

«አንተ መሐንዲስ! ልጁን የምንሸኘው ቅዳሜ ነው አይደል?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«ቅዳሜ ነው።»

«ካሸነፈ ዓመቱን ሙሉ ፀጉርህን በነፃ ነው የማስተካክለው። ከተሸነፈም በነፃ ነው፤ ለሦስት ፀጉር ማን ያስከፍላል!»

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ከነአረፋው ሳቀ። እሱም ሳቀ። የዚያን ዕለት ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው ወደ ቤቱ የሄደው።

ሐሙስ ከሰዓት ሱቁን ቀደም ብሎ ዘጋና የመጨረሻውን ግጥሚያ ጀመረ። ለደንቡ ያህል ነበር። ሻይ እየጠጣ ሲያይ አዲሱ ተሸነፈ። ቀጥሎ አቻ ወጣ። እንደገና ተሸነፈ። አንድ ነገር ተሳስቻለሁ ብሎ የመጨረሻውን ሐሳብ አወጣው፤ ያው ነው። የአምናውን አመጣ፤ ያው ነው። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«ምነው? ፊትህ አመድ መሰለ» አለችው ሚስቱ ከስፌቷ ቀና ብላ።

«ተበላሽቷል። የሆነ ቦታ ላይ ተበላሽቷል።»

መርፌዋን ቆም አደረገች። «እኔ እኮ ይቺን የታችኛዋን ነካክቻታለሁ። ቅዳሜ ነው ብዬ... አንተ ሱቅ እንደምታደርገው ክዳኗን ፈታሁና በብሩሽህ ጠራረግኳት። ስንት ጉድ ወጣት መሰለህ! ላሳይህ ብዬ አልጣልኩትም።»

በጋዜጣ ጠቅልላ ያስቀመጠችውን አምጥታ ፈታችለት። የጨርቅ ብናኝ ነው፤ ተጠቅጥቆ፣ ተደራርቦ፣ እንደ ትንሽ ፍራሽ ሆኗል። ከላይ ሰማያዊ፦ የክሊኒኩ መጋረጃ። ከሥሩ ቡናማ፦ የሆቴሉ። ከዚያ በታች ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ደግሞ ነጭ። የሰፋችው ሁሉ እዚያ አለ።

«አበላሸሁት እንዴ?»

«አይ... አላበላሸሽም።»

ተነሣና የመጀመሪያውን ፕሮግራም፣ ያን ገና ጀማሪ ሳለ የጻፈውን፣ ፈልጎ አወጣ። ከዘንድሮው ጋር በአንድ ኮምፒውተር ላይ አጋጠማቸው። ሚስቱ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«የኛ የትኛው ነው?»

«ሁለቱም የኛ ናቸው።»

«እንግዲያማ ማንም ቢያሸንፍ አሸነፍን!» ብላ ትከሻውን ገፋ አደረገችው።

ሊስቅላት ፈልጎ ነበር። አልቻለም። ጨዋታው ቀጠለ። አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ነጥባቸው ተያይዞ ይሄዳል። ጀንበሯ ከመስኮቱ ዘወር ስትል የመጀመሪያው በትንሽ ይመራ ነበር።

«ንገረኝ እንጂ» አለችው ቀስ ብላ። «ምንድን ነው የሆነው?»

ለደንበኛ እንደሚያስረዳ አድርጎ ጀመረ። «አቧራ ነው... አየር ሲያጣ ይግላል፤ ሲግል...»

«ራሱን ያዘገያል» ብላ ጨረሰችለት። ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጋዜጣው ሄደ፤ ከጋዜጣው ወደ ታችኛዋ ኮምፒውተር፤ ከኮምፒውተሯ ወደ ስፌት መኪናዋ። እሱም የምታየውን እያየ ነበር። እጁ ተፈትቶ አያውቅም ነበር። ዓመት በዓመት አሮጌው ሲታፈን ነው አዲሱ ሲያሸንፍ የኖረው።

«አንቺ ምንም አላደረግሽም» አላት። እሷ ጋዜጣውን መልሳ ጠቀለለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ከበሩ ብቅ አለ። «እህሳ! ሸኘኸው?»

«ላክሁት» አለ። ለምን እንዳለ እሱም አላወቀም። ምንም አልላከም።

«ሰማችሁ? ላከው!» እያለ ሰውዬው ወደ ደንበኞቹ ተመለሰ። ጭብጨባው በግድግዳው በኩል ተሰማ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱን ኮሪደሩ ላይ አገኛት። የስፌት መኪናዋን አውጥታ፣ በዚያች ፈዛዛ አምፖል ሥር፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትሰፋለች። ጎረቤት ሲያልፍ ጨርቋን ሰብሰብ አድርጋ ታሳልፋለች።

«ምን ሆንሽ? ይበርድሻል እኮ።»

«ብናኙ እንዳይገባባቸው ብዬ ነው።»

«መልሺው ግድ የለም።»

«እሺ፤ ይቺን ልጨርስና» አለች ቀና ሳትል። እንደማትመልሰው ከድምፅዋ አወቀ።

ገባ። መኪናዋ የነበረችበት ወለል ላይ አራት የእግር ምልክቶች ቀርተዋል። መንታዎቹ እንደበሩ ናቸው፤ ሁለቱም ንጹሕ፣ ሁለቱም ቀዝቃዛ። አጠፋቸው። ከእንግዲህ ብናኝ የሚጎዳው ነገር የለም ሊላት ወደ በሩ ተመለሰና እጀታውን ያዘ። ይህን ቢነግራት ግን ጥፋቱን የሷ የሚያደርገው መሰለው። ባይነግራት ደግሞ እዚያው ብርድ ላይ ትቀራለች። እጀታውን እንደያዘ ቆመ። ከበሩ ማዶ የስፌት መኪናዋ ትንሽ ትሄድና ትቆማለች፤ ደግሞ ትሄዳለች።