ኑረዲን የተረጎማት አሻንጉሊት

ባለፈው ሳምንት መገናኛ አካባቢ ስልኬን ላሠራ ከገባሁበት የጥገና ሱቅ ውስጥ፣ ሠራተኛው ከመደርደሪያ ሥር ጎትቶ ያወጣውን ባለ እንጨት ሣጥን ቴሌቪዥን ሲሰካው፣ ምስሉ ከመምጣቱ በፊት ያ የጋለ አቧራ ሽታ መጣ፤ እኔም የመጣሁበትን ረስቼ የካ፣ እትዬ ዘይነባ ሳሎን ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ እግሬን አጥፌ ተቀመጥኩ።

በደርግ ዘመን በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው እሳቸው ቤት ብቻ ነው። ባለቤታቸው የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበሩ ከዚያ ጭነው አምጥተውታል። ቅዳሜ ወደ ማታ የልጆች ፕሮግራም ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በራቸው ላይ ተሰልፎ ውስጥ እግሩን እያነሳ ያሳያል፤ እትዬ ዘይነባም ጥፍር እንደሚያይ አስተማሪ ጎንበስ ብለው መርምረው፣ ጭቃ ያለበትን ወደ ቧንቧው ይመልሱታል። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ አንቴናውን ባዞረው ቁጥር ደግሞ አንዱ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ እኛ ከታች "መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ!" እያልን እንጮሃለን።

ተረቱ በአማርኛ ነበር፤ ፊልሞቹ ግን ከሩቅ ወዳጅ አገሮች የመጡ፣ አንድ ቃል የማይገባን ነበሩ። የሚተረጉምልን የእትዬ ዘይነባ ልጅ ኑረዲን ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ጎረምሳ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ። ከቋንቋው አንዲት ቃል እንደማያውቅ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አንዲት የእንጨት አሻንጉሊት ፋኖስ ይዛ በበረዶ ውስጥ የምትሄድበት፣ ደጋግመው የሚያሳዩን ፊልም ነበር፤ ኑረዲን አገሩን እንጦጦ አደረገው፣ እሷንም ለታመመች እናቷ መድኃኒት ይዛ ቁልቁል ወደ የካ የምትወርድ የሰፈራችን ልጅ። መጨረሻ ላይ ከተዘጋ በር ፊት ቆማ ፋኖሷን እፍ ስትል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ይናገርላታል፤ ያን ጊዜ ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ ይላል። እትዬ ዘይነባ ጓዳ ስለሚሆኑ ሳቃችንን እንጂ እሱ የሚለውን አይሰሙም ነበር።

ከዚያ አፈሳው መጣ። ኑረዲን ዳቦ ሊገዛ እንደ ወጣ ከመንገድ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ወደ ሰሜን ተላከ፤ ደብዛውም ጠፋ። እኛ ወደዚያ ቤት መሄድ ፈርተን ነበር፤ እሳቸው ግን አስጠሩን። እግራችንንም አልመረመሩም። ዱካው ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ አሻንጉሊቷም መጥታ በዚያ በማይገባን ቋንቋ ታወራ ጀመር። አፏ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የኑረዲን ድምፅ ከኋላዬ የሚመጣ እየመሰለኝ ዞር ዞር እል ነበር፤ ያ ፍርሃት እስካሁን አልለቀቀኝም።

በሩ ፊት ስትደርስ እትዬ ዘይነባ "እዚህ ጋ ምን ነበር የሚላችሁ?" አሉ።

"'እማዬ ተኝታለች፣ ብርሃኑ እንዳይቀሰቅሳት' ነው የሚለው" አልኩ እኔ።

"ውሸቷን ነው፣ እትዬ!" አለ የጎረቤታችን ልጅ ግርማ። "'ደርሻለሁ፣ ከእንግዲህ ፋኖስ ምን ያደርግልኛል' ነው ያለው።"

ልንደባደብ ምንም አልቀረን። "አትጣሉ ልጆቼ፤ ሁለቱንም ንገሩኝ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እንደሱ አድርጋችሁ" አሉን። ፊልሙ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ይጠይቁን ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ ልብሱ አልቆ፣ እግሩ አብጦ በሰፈራችን አለፈ። እትዬ ዘይነባ ደጃፋቸው ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ፊት አዩ፤ ኑረዲን ግን አልነበረም። እነዚያ ፊልሞችም ቀሩ፣ ልጆቹም ተበታተንን።

እርጅና አልጋ ላይ ካዋላቸው በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ያቺኑ ቃል እንድነግራቸው ይለምኑኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡኛል። አንድ ቀን ግን ተናግሬ ሳልጨርስ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ድምፁ ቀጭን ነበር ወይስ ወፍራም?"

እናቱ ናቸው የሚጠይቁኝ። ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት የራሴን ድምፅ ብቻ ነበር።