ገመድ አልባ

«ልጅ እያለሁ» ብዬ ስጀምር እናቴ ትስቃለች። «አሁንስ ማን ሆነሽ ነው?» ትለኛለች። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ያኔ ግን አራተኛ ክፍል ነበርኩ፣ የምንኖረው ቢቸና ነበር፣ ጌም ቤቱም ክፍት ነበር። ሦስቱም ዛሬ የሉም። ስለዚህ ልጅ እያለሁ ማለት መብቴ ነው።

ጌም ቤቱ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ከጤፍ መጋዘኖቹ ጀርባ ነበር። ባለቤቱ ጋሼ አበጀ ቀድሞ ሬዲዮ ጠጋኝ ስለነበሩ ቤቱ የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የእርጥብ ሹራባችንና የኪሳችን ቆሎ ሽታ ይጨመርበታል። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ጆይስቲክ፤ በቃ ይኸው ነው። ሌላ ሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ እኛ የምናብደው በመኪና ነው። እሽቅድምድም ነው እንዳልል፣ ቀድሞ ለሚደርስ ማንም ደንታ አልነበረውም። ዋናው መጋጨት ነው። አጠገብህ ያለውን ገፍተህ ከግንብ ጋር ስታላትመው ወይም ገደል ስትከተው ጨዋታው ራሱ ቀስ ይላል። በሩ ብቻውን ይበርራል፣ ጎማው ተነጥሎ ይንከባለላል፣ መስተዋቱ እንደ በረዶ ይረግፋል። ውስጡ ሰው የለበትም። ትንሽ ቆይቶ ያው መኪና አዲስ ሆኖ ይመለሳል። የመጨረሻውን መንገድ «ዓባይ በረሃ» ብለን ነበር የምንጠራው፤ ከደጀን ወደ ድልድዩ እንደሚወርደው ጥምዝምዝ ነው፣ አንድ ወገኑ ገደል።

ቤቱ ደግሞ የራሱ ደንብ ነበረው። መኪናው ቀስ እያለ ሲገለባበጥ የገፋው ሰው ይፎክራል። ጎጃም ነዋ፤ ዝም ብሎ ማሸነፍ አይበቃም። የተገፋው መኪና ከመቆሙ በፊት ሁለት ስንኝ ማለት አለበት፤ ካልቻለ ግጭቱ አይቆጠርለትም። በፉከራ ስም የወጣለት ሰው ስሙን ተሸክሞ ይኖራል፤ ከስሙ የሚገላገለው ስም አውጪውን ዓባይ በረሃ ላይ ገደል ሲከተው ብቻ ነው። ያን ጊዜ ስሙ ወደ ወደቀው ይዛወራል። ዳኛው ጋሼ አበጀ ናቸው፤ ይግባኝ የለም።

ሴት ልጅ አትገባም የሚል ሕግ አልነበረም። ገብታ የምታውቅ ስላልነበረች ነው እንጂ። እኔ ገባሁ። እናቴ ከደሴ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ጤና ጣቢያ ስትውል እኔ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እዚያ ሄጄ በር ተደግፌ አያለሁ። አንድ ቀን የቤቱ ጌታ፣ ሰባተኛ ክፍል የነበረው ይበልጣል፣ ወንበሩ ላይ ጠጋ አለልኝ።

«ነይ ሐያት፣ በር ለምን ትይዣለሽ? አንችም ንጂ እንጂ» አለና ሁለተኛውን ጆይስቲክ ሰጠኝ። «ቀዩ መኪና ያንች ነው።»

ነዳሁ። ኩርባ ላይ ከነወንበሩ እዘምም ነበር፣ ቀዩ መኪና ግንብ ሲመታ የጎን አጥንቴን ያመኝ ነበር። ከኋላዬ የቆሙት ልጆች የሹራባቸውን እጅጌ ነክሰው ያዩኛል፤ ተደንቀው መስሎኝ። እንዲህ ሆኜ ሳምንት ነዳሁ። ከዚያ ጋሼ አበጀ ወለሉን ሊጠርጉ ወንበሩን ሳብ ሲያደርጉ አንድ ገመድ በመጥረጊያው ጫፍ አነሱ።

«ይሄ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ተነቅሎ የተኛው?» አሉ።

ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት። ከመጥረጊያው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ ወደ እጄ። ቴሌቪዥኑ ላይ ቀዩ መኪና ብቻውን እየሄደ ነበር።

ሳቁ እንዴት እንደነበር አልጽፍም፤ ገና አልበረደልኝም። ይበልጣል ወንበሩ ላይ ቆመና ፎከረ፦

«ያለ ገመድ ገብታ መኪና የነዳች፣
ከራሷ ጣት በቀር ማንንም አልጎዳች።

እነሆ ገመድ አልባ!»

ጋሼ አበጀ እንኳ ሳቁ፤ ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ እንጂ። በማግሥቱ ስሙ ትምህርት ቤት ደረሰ። ከዚያ ዳቦ ቤት። ከዚያ ውኃ ሰልፍ። እናቴ መርፌ ልትወጋው ያስተኛችው ሕፃን እያለቀሰ «የገመድ አልባ እናት አትውጋኝ!» ብሎ ለመናት። ይበልጣልን ግጠመኝ ብዬ ስለምነው «መጀመሪያ ገመድ ይዘሽ ነይ» ይለኛል። እንዲህ እያለ ሳለ እናቴ ወደ ሞጣ ተዛወረች። እሷ ዕቃ ስትሸክፍ እኔ ቂሜን ሸከፍኩ።

ሞጣ ስንደርስ እናቴ ትምህርት ቤት ፈለገችልኝ፣ እኔ ጌም ቤት ፈለግሁ። አገኘሁ፤ ያው ጨዋታ፣ ያው ቁልቁለት። ጆይስቲኩ ግን አርጅቶ የፍሬኑ ቁልፍ ሞቷል። ባለቤቱ «ፍሬን የለውም፣ ካልተመቸሽ ተዪው» አለኝ። ተመቸኝ። ፍሬን የሌለው ሰው ኩርባ ላይ ሁለት ምርጫ አለው፤ ገደል መግባት ወይም አጠገቡ ያለውን መኪና እንደ ግድግዳ መደገፍ። መጀመሪያ ገደል ገባሁ፣ ደጋግሜ ገባሁ። ኋላ መደገፍ ተማርኩ። በሙሉ ፍጥነት ገብቼ የሌላውን ጎን ስገጨው እኔ እታጠፋለሁ፣ እሱ ይሄዳል። በተደገፍኩ ቁጥር የማየው የይበልጣልን ጎን ነበር።

የቀረኝ ግጥሙ ነው። አከራያችን መሪጌታ ናቸው፣ ቅኔ ያስተምራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት አጥሩ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ሄድኩባቸው።

«መሪጌታ፣ ገደል ለገባ መኪና ፉከራ እንዴት ይባላል?»

መጽሐፋቸውን አጠፉ። «የት ነው የገባ? ሰው ተረፈ?»

«ሰው የለበትም።»

«ባዶውን ማን ገደል አስገባው?»

«እኔ ነኝ የማስገባው። ገና ነው።»

አማተቡ። «እናትሽ ታውቃለች?»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ወንበሩን፣ ገመዱን፣ ሳቁን፣ መኪናው አዲስ ሆኖ እንደሚመለስም ጭምር። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። «ተገልብጦ ከተነሣማ ጥሩ ጠላት ነው» አሉ። ከዚያ የጻፍኩትን አንብቢ አሉኝ። ረጅም ነበር፤ ጅብ፣ እከክ፣ መብረቅ ሁሉ ነበረበት። አንብቤ ስጨርስ ጺማቸውን ዳበሱ።

«አንች ልጅ፣ ይህን ሁሉ እስክትይ መኪናው ዝጎ ያልቃል። ስድቡን አውጪው። ስድብ ይሰማል እንጂ አይታወስም። እሱ ያለሽን ቃል አንሥተሽ ለራሱ መልሽለት።»

ጅቡን አወጣሁ። መብረቁን አወጣሁ፣ እያሳዘነኝ። የቀሩትን ሁለት ስንኞች ለባሕር ዛፉ አልኳቸው፣ ለባልዲው አልኳቸው፣ ለመሪጌታ ድመት አልኳቸው። ድመቷ ተነሥታ ሄደች።

በግማሽ ዓመት ዕረፍት እናቴ ቢቸና የተውነውን ቁም ሳጥን ልታመጣ ስትነሣ «ካልወሰድሽኝ» ብዬ ቀሚሷን ያዝኩ። «ለቁም ሳጥን ይህን ያህል ፍቅር ከየት መጣ?» አለችኝ። ቢቸና ስንገባ እሷ ወደ ድሮ ቤታችን፣ እኔ ወደ ጌም ቤቱ።

«ገመድ አልባ መጣች!» አለ በር ላይ የቆመ አንድ ድንቢጥ፤ ያኔ ጭራሽ ያልነበረ ልጅ። ስሙ እኔ በሌለሁበት እየኖረ ነበር ማለት ነው። ይበልጣል ወንበሩ ላይ ነው፣ ቁመት ጨምሯል፣ ጢም ቢጤ አውጥቷል።

«ሞጣ ገመድ ተገኘ?» አለኝ።

ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሣሁ። ገመዱን በእጄ እየተከተልኩ እስከ መሣሪያው ሄድኩ፣ ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት፣ እንደገና ጎተት አድርጌ አየሁት። ጋሼ አበጀ ከጥግ ሆነው «ይግጠማት» አሉ። ይበልጣል እምቢ ማለት አልቻለም።

ዓባይ በረሃን መረጥኩ። ላይኛው ኩርባ ላይ ከግንቡ ጋር አጣብቆ ፈገፈገኝ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ተረፍኩ። መካከለኛው ላይ ከኋላ ገጨኝ፣ ተረፍኩ። ታችኛው ኩርባ ሲመጣ ሰማያዊ መኪናው በገደሉ በኩል ነበረ፣ እኔ በውስጥ በኩል። እሱ ፍሬን ያዘ። እኔ ጣቴ ፍሬን የሚባል ነገር የት እንዳለ እንኳ ረስቷል። በሙሉ ፍጥነት ጎኑን ተደገፍኩት። እኔ ታጠፍኩ፣ እሱ ሄደ።

ጨዋታው ቀስ አለ። ሰማያዊው መኪና አየር ላይ ተንጋለለ፣ በሩ በረረ፣ መስተዋቱ ረገፈ። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅሁት ይህን ነበር፤ አፌ ግን ተቆለፈ። አንድ ቃል የለም። መኪናው አንዴ ተገለበጠ። ቤቱ ይጠብቀኛል። ሁለቴ ተገለበጠ። ስሙን ተሸክሜ ወደ ሞጣ ልመለስ ነው።

«ሞጣዎች ምላሷን አስቀርተውታል» አለ ይበልጣል።

ቁልፉን የከፈተው ያ ነው።

«ገመድህ ተሰክቷል፣ ጣትህም አለልህ፤
ገደል የገባኸው ምን ጎድሎ ልበልህ?»

መኪናው ገደሉ ሥር ደረሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ሁሉም ወደ ጋሼ አበጀ ዞረ። ቸኩለው አልፈረዱም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ቀድማዋለች» አሉ። «ስሙ ይዛወር።»

ያ ድንቢጥ ወዲያው ሞከረው። «ገመድ አልባ፣ ተነሥ፣ የኔ ተራ ነው» አለው፤ ይበልጣልን። ይበልጣልም ተነሣ።

ሰዎች ቂም ልብ ያሳርራል ይላሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የኔ ልብ ያን ቀን ቅቤ ጠጣ። እናቴ እየፈለገችኝ እንኳ በር ላይ ቆሜ ሌላም ሌላም ሰው በዚያ ስም ሲጠራው ሰማሁ። ከቁም ሳጥኑ ጋር አይሱዙ ላይ ተጭነን ስንመለስ ሞጣ እስክንገባ ጥርሴን ነፋስ መታው። መሪጌታ በር ላይ አዩኝና «ሰው ተረፈ?» አሉኝ። «አልተረፈም» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጽፋለሁ። ሌሎች ለመጻፍ ፍቅር ያስፈልጋል ይላሉ፤ እኔ በይበልጣል ጀመርኩ።

በቅርቡ መንገዱ ክፍት ሆኖ ቢቸና ሄጄ ነበር። ጌም ቤቱ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ጋሼ አበጀ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል አሉ። ልጆቹ መኪናውን በስልክ ይጫወቱታል፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ጆሮውን ደፍኖ። ገደል ሲከቱ ማንም አይፎክር፣ ሲገቡ ማንም አይስቅባቸው። አሳዘኑኝ።

መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ባጃጅ ቆማለች። ጀርባዋ ላይ በቀይ ቀለም፣ በሚያምር ፊደል፣ «ገመድ አልባ» ተጽፏል። ሹፌሩ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ሐያት? ግቢ እንጂ፣ ምን ትቆሚያለሽ?»

ገባሁ። ይበልጣል እንዴት እንደሚነዳ ብታዩ። አህያ ትቀድመዋለች። ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ሲያይ ገና ከሩቁ ፍሬን ይይዛል። ኩርባው ላይ ስንደርስ ለራሱ እንደሚያንጎራጉር አድርጎ «ገመድህ ተሰክቷል፣ ጣትህም አለልህ» አለ፤ አንድ ፊደል ሳይስት እስከ መጨረሻው። በቃል ተወግቼ መርሳት ያቃተኝ እኔ ብቻ ነበር የመሰለኝ።

«ስሙን ለምን ጻፍከው?» አልኩት።

«ሰው በሱ ነው የሚያውቀኝ። ሙሽራ ቢሆን፣ በሽተኛ ቢሆን፣ ገመድ አልባን ጥሩልኝ ነው የሚሉት።»

ቀናሁ። የፈጸምኩት በቀል ቢቸናን እየዞረ፣ ሙሽራ እየጫነ፣ በቀይ ቀለም ተውቦ ይኖራል።

«እኮ የኔ ስም ነው» አልኩት።

በመስተዋቱ አየኝ። «ተሸንፌ ያገኘሁት ነው እቴ። ከፈለግሽው ተሸንፈሽ ውሰጂው።»

ያኔ ከዚያ ስም ለማምለጥ ሞጣ ድረስ ሄጄ ያለ ፍሬን መንዳት ተማርኩ። አሁን ሊመለስልኝ የሚችለው ከይበልጣል አጠገብ ተቀምጬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ቀስ እያልኩ ገደል ብገባ ነው። ከባጃጁ ወርጄ የስልክ ሽፋን የሚሸጥበትን ቤት ለረጅም ጊዜ አየሁት። አግዳሚ ወንበሩ አሁን በር ላይ ወጥቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ መሸነፍ አማረኝ፤ መሸነፊያው ቤት ግን ተዘግቷል።