ከቆቦ ኮንጎ የሄደው ኮሶ

የኮንጎ ዘመቻ አንድ ማዕረግ፣ አንድ ከረጢት ኮሶና አንድ ጓደኛ አስከፍሎኛል። ማዕረጉን በኋላ መለሱልኝ። ሌላው አልተመለሰም።

ወታደር ከመሆኔ በፊት ከላስታ ደጋ የሚወርደውን ኮሶ ቆቦ ገበያ ላይ እቸረችር ነበር። የራያ ሰው ጥሬ ሥጋ ይወዳል፤ ጥሬ ሥጋ የወደደ ደግሞ በየሁለት ወሩ የእኔ ደንበኛ ነው። የመዝመቻ ትእዛዝ ሲደርሰን ሌላው ዳዊቱን ሲሸክፍ እኔ ከረጢቴን ሞላሁ። ሠራዊት ባለበት ኮሶ ጠጪ አይጠፋም ብዬ ነው።

ሠላሳ አራት ሆነን አንድ የባቡር ድልድይ እንድንጠብቅ ተመደብን። ከሥሩ ወንዝ ይወርዳል። የሕክምና ባልደረባችን ሃምሳ አለቃ ግርማ የውሃ ማጽጃ ኪኒን አደለን። «ወይ ይህን ጨምሩበት፣ ወይ አፍልታችሁ ጠጡ» አለን። ኪኒኑ በረኪና በረኪና ይላል። ሦስት ቀን ታገስን። በአራተኛው የመትረየስ ተኳሻችን ሰይድ፣ የዋጃ ልጅ ነው፣ ኮዳውን ከወንዙ ሞላ።

«የዋጃን ጎርፍ ጠጥቶ ያደገ ሰው ይህን ኩልል ያለ ውሃ ይፈራል እንዴ?»

ሳቅን። ተከተልነው።

በሳምንቱ አሥራ አንድ ሰው በተቅማጥ ተኛ። የሰይድ ባሰ።

«ሆዴን ቆረጠኝ፤ መቼም ኮሶ ታይቶብኝ ነው። አንተ ነጋዴ፣ ያ ዕቃህ የታለ?»

«ላንተ በነፃ ነው» አልኩት። በነፃ የሰጠሁት ዕቃ ያ ብቻ ነው፤ ከሁሉም የከፋው ንግዴም እሱ ሆነ።

እንደ አገራችን ደንብ በማለዳ፣ በባዶ ሆዱ ጠጣው። ኮሶ ሆድ ጠርጎ የሚያስወጣ ነገር ነው፤ የሰይድ ሆድ ደግሞ ድሮውንም አልቆም ብሎ ነበር። ቀትር ላይ ዓይኑ ጎደጎደ፣ ምላሱ ደረቀ፣ ሽንቱም ጠፋ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩስ ተከፈተብን። ከወንዙ ማዶ ነው። ሰይድ ከመትረየሱ ጎን ተኝቷል፤ መነሣት አልቻለም። እኔ ተኮስኩ። እንደ እሱ ግን አልሆነልኝም። ሁለት ሰው ወደቀብን። አሥር ሰዓት ላይ ተኩሱ ቆመ።

ሃምሳ አለቃ ግርማ የሰይድን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

«ይህ የተቅማጥ ብቻ አይደለም። ምን ጠጣ?»

ሰይድ ወደ እኔ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ አትናገር ማለቱ ነው። ያለ ሐኪም መድኃኒት ማደል ማዕረግ ያስገፍፋል። ዝም ብል ደግሞ እሱ እስከ ማታ አይዘልቅም።

«ኮሶ ነው። የሰጠሁትም እኔ ነኝ።»

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። «በል ውሃ አፍላ» አለኝ ብቻ።

በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ልሙጥ እንጂ የተቆለለ አይደለም። በጥቂት በጥቂቱ አጠጣሁት። ሲያስመልሰው ጥቂት ጠብቄ እንደገና ጀመርኩ። በማግስቱ ቀትር ላይ ሸና።

«አልሐምዱሊላህ! ወንድሜ፣ ለሽንት እንዲህ ሲመሰገን ሰምተህ ታውቃለህ?»

ኮሶው ተቃጠለ፣ ማዕረጌ ተገፈፈ፣ ውሃ አፍይ ተደረግሁ። ሥራውን እንደ ነጋዴ ያዝኩት፦ ጠዋት ጠዋት የሁሉንም ኮዳ አሸታለሁ፤ ያላፈላሁትና ኪኒን የማይሸት ከሆነ እደፋዋለሁ። ሰደቡኝ። ግን የተኙት ተነሡ።

ዛሬ ከቆቦ ጅዳና ካርቱም የምትሄዱ ልጆች፣ ውሃ ስታዩት ስለጠራ አትመኑት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ምግቡን ትኩሱን ብሉ። ተቅማጥ ከያዛችሁ የሚያስቀምጥ ነገር አትጨምሩበት፣ የወጣውን ውሃ ተኩ። ደም ካያችሁ ወይም ሽንት ከጠፋ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የጠጣችሁትንም አትደብቁት።

ወደ ድልድዩ ልመለስና፣ ከሁለት ወር በኋላ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ሰይድ መትረየሱ ላይ ተመታ። ኮዳውን ከወገቡ ስፈታ እንደ ልማዴ አሸተትኩት። ኪኒን ይሸታል።

ከሠላሳ አራታችን ሦስት ሞቱ። ሦስቱም በጥይት። በሆድ የሞተ የለም።