ሦስት ጣት የሚያስገባ አፍ

ሰው ሲያዛጋ መንጋጋው «ቀጭ» ሲል ከሰማሁ፣ ሱሉልታ ተከራይተን የኖርንበት ግቢ ትዝ ይለኛል።

እናቴ ቲቸር ብርቄ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ የእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ቦይ ገባና፣ አንገቷ ደርቆ፣ አገጯ አብጦ መጣች። እብጠቱ ሲጎድል አፏ ግን አልከፈት አለ፤ አንድ ጣት እንኳ በጭንቅ ነበር የሚያስገባው። ሐኪም ቤት ያገኘቻት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የአንገትና የመንጋጋ እንቅስቃሴዎችን አሳይታ፣ «አፍሽ ሦስት ጣት እስኪያስገባ ድረስ በቀን ሦስት ጊዜ ሥሪ፤ እንዳትቸኩዪ፣ በኃይል ካመመሽም አቁሚ» ብላ ሸኘቻት።

ክረምቱን ሙሉ አጥሚት እየጠጣች፣ ዝናቡ ጋብ ሲል በርጩማዋን ደጅ አውጥታ፣ ጆሮዋን ወደ ትከሻዋ እያዘነበለች፣ ፊቷን በዝግታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞረች ትቀመጥ ነበር። ከዚያ የምላሷን ጫፍ ላንቃዋ ላይ አስደግፋ፣ አገጯ ወደ ጎን እንዳይሄድ እኔ በያዝኩላት መስታወት እየተቆጣጠረች አፏን ትከፍት ነበር። አከራያችን ኦቦ ገመቹ አዝነው፣ «አዴ ብርቄ፣ ይሄን ተይውና ወጌሻ ልጥራልሽ» ይሏት ነበር። እሷም ጥርሷን እንደገጠመች፣ «ጊዜ ብቻ ይስጡኝ፣ ኦቦ» ትላቸው ነበር። የጎረቤት ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው እንደ እሷ አፋቸውን እየከፈቱ ሲስቁ፣ እኔ አፍሬ፣ «እማዬ፣ ቤት ውስጥ እንሥራው» አልኳት።

«እዚህ ብርሃን አለ» አለችኝ፤ ከበርጩማዋም አልተነሳችም።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሊጀመር ሲል ዳይሬክተሩ ቤታችን መጡና በጥርሷ መሀል የሚወጣውን የታፈነ ድምፅዋን ሰምተው፣ «ቲቸር፣ ስድሳ ልጅ በዚህ ድምፅ አይያዝም። ክፍሉን ለሌላ ሰጥተን እርስዎ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጡ ይሻላል» አሏት።

እናቴ ብድግ አለች። «እኔ የተቀጠርኩት ላስተምር ነው። እስከ ጥቅምት ተተኪ ይመድቡና፣ ከዚያ ክፍሌ መጥተው ይስሙኝ። ካልሰሙኝ ራሴ ቁልፉን አስረክባለሁ።»

የጥቅምት ንፋስ ገብሱን ማወዛወዝ ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት መስታወቱ ፊት ሁለት ጣቷን ደርድራ ካስገባች በኋላ ሦስተኛውን ጨመረች። ጣቶቿን አውጥታ፣ «ገባ!» ብላ ስትጮህ ኦቦ ገመቹ በድንጋጤ ከቤታቸው ሮጠው ወጡ። ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ የክፍሏ በር ላይ ቆሙ። እሷ ዞር ብላ ሳታያቸው «ሀ!» አለች፤ ልጆቹ ተቀበሏት። እስከ «ፐ» ድረስ አንድም ፊደል ሳትዘል ስትዘልቅ ድምፅዋ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር። ዳይሬክተሩ እስከ መጨረሻው ሰምተው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ፤ የቤተ መጻሕፍቱም ወሬ በዚያው ቀረ።

አንገቷ ወደ ግራ እንደ ድሮው አልዞረላትም፤ በዚያ በኩል የጠራትን ሰው በሙሉ ሰውነቷ ዞራ ነበር የምታየው።

አሁን የምኖረው ቡራዩ ነው። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ ስውል አንገቴ ሲይዘኝ፣ እዚያው ሰው መሀል ቆሜ፣ እየቆጠርኩ አንገቴን አፍታታለሁ። ባልደረቦቼ ይሳሳቁብኛል። ያኔ በእናቴ አፍሬ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነበር፤ ዛሬ ቀና ብዬ አያቸዋለሁ፣ ቆጠራዬንም አላቋርጥም።