አራስ ቤት ያስገባኋቸው ችግኞች

በመጀመሪያው የሥራ ቀን ሮቢ ወንዝ ዳር የተገኘነው እነዚህ ነን። ካፖ እያልን የምንጠራው የአትክልቱ ቦታ ሹም፣ ጣሊያን። አስተርጓሚው አቶ ሀብቴ። የውሃ መሪው ጋሽ ኑሩ፣ ከአያታቸው ጀምሮ መስኖ ሲጠልፉ የኖሩ የይፋት ሰው። ከካራቆሬ የመጣችው ጥሩነሽ። እኔ አስካለ። በጀርባዬ ያዘልኳት ልጄ ዘነበች፣ ገና ዓመት ያልሞላት። በመጨረሻም ውሃ የምታመላልሰው አህያ። ከጋሽ ኑሩ ቀጥሎ ሥራዋን በትክክል የምታውቀው አህያዋ ነበረች።

ዘመኑ ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነው። እኔና ጥሩነሽ የተቀጠርነው ለችግኝ መደብ ነበር። አፈሩን በወንፊት ነፋን፣ ከበሰለ ፍግና ከወንዝ አሸዋ ጋር ቀላቀልን፣ ከምድር አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን ሦስት መደብ አበጀን። ካፖው ከኪሱ ዘር አወጣ። የቲማቲም ነው ተባለ። እኔ ቲማቲም የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

"ቀይ ፍሬ ነው፣ ይበላል" አሉ አቶ ሀብቴ።

"እንደ በርበሬ ነው?" አለች ጥሩነሽ።

"አይደለም። አያቃጥልም።"

"የማያቃጥል ከሆነ ታዲያ ለምን ይቀላል?"

አቶ ሀብቴ ይህን ለካፖው አላስተረጎሙም።

ትእዛዙ አጭር ነበር። ዘሩ እስኪበቅል በሣር ይሸፈን፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ችግኙ ቢጠፋ ያጠፋው ሰው ጣርማ በር ወጥቶ ለመንገዱ ሥራ ድንጋይ ይፈልጣል። ካፖው ይህን ሲል ጀርባዬ ላይ ያለችውን ዘነበችን አየና ወደ ሌላ ዞረ። የጣርማ በርን ብርድ አውቀዋለሁ። ልጄ ቆላ ተወልዳ፣ በቆላው ሙቀት እንኳ ደረቷ የሚያፍናት ነበረች። እዚያ ይዣት ብወጣ ይዣት እንደማልመለስ ቆጠርኩት።

በስድስተኛው ቀን በቀሉ። አንገታቸው ክር ያህላል፣ በራሳቸው ላይ ሁለት ሁለት ቅጠል ይዘዋል። ሣሩ የሚነሳው ያን ጊዜ ነበር። እኔ ግን ሳያቸው አራስ ልጅ መስለው ታዩኝ። በእኛ አገር አራስ ልጅ ደጅ አይወጣም፤ ምች ይመታዋል፣ ዓይን ያርፍበታል። ስለዚህ ሣሩን በማንሳት ፋንታ አወፈርኩት። በመደቡ አራት ማዕዘን ጤና አዳም ተከልኩ። ለአራስ ራስጌ ብረት እንደሚደረገው በራስጌያቸው ማጭድ ሰካሁ። በሦስተኛው መደብ በሣሩ መካከል ብርሃን ሲገባ አየሁና የሚጋረድ ነገር ፈለግሁ። የእኔ ነጠላ ልጄን አዝሎ ስለነበር ጥሩነሽን የእሷን ለመንኳት። አጥፌ ሣሩ ላይ አለበስኩት።

"እትዬ አስካለ፣ ወንዶች ናቸው ሴቶች?" አለችኝ ነጠላዋን እየሰጠችኝ።

"ምኖቹ?"

"አራሶቹ ናቸዋ። ክርስትናቸው በአርባ ቀን ነው በሰማንያ? ይህን ካላወቅን ጠላውን መቼ እንጠንስስ?"

ጋሽ ኑሩ ቦይ ሲከፍቱ ሰምተውናል። "እኔ ለክርስትናው አልመጣም። ስም ስታወጡ ግን ጥሩኝ፤ አንዱን ኑሩ በሉልኝ" አሉ።

ውሃውንም ጠዋትና ማታ ብቻ ብዬ አልተውኩትም። ይጠማቸዋል እያልኩ በቀን አራት ጊዜ በተበሳሳ ጣሳ አርከፈከፍኩ።

"አስካለ፣ ዓሣ ነው የምታረቢው?" አሉኝ ጋሽ ኑሩ። "ሥርም ይተነፍሳል እኮ። ጣትሽን እስከ አንጓው አፈሩ ውስጥ ክተቺ። ርጥበት ካገኘሽ ውሃውን ለአህያዋ ስጫት።"

"እሺ ጋሼ" እላቸዋለሁ። ዞር ሲሉ አጠጣለሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ "ተጨናንቀዋል፣ ነቃቅለሽ አሳሺያቸው" አሉኝ።

"የቱን ነቅዬ የቱን ልተው፣ ጋሼ?"

"አሥር ልጅ አንድ ቁርበት ላይ ብታስተኚ የትኛው እንቅልፍ ይወስደዋል?"

"እኔ ያለችኝ አንዲት ናት።"

"ለዚህ ነዋ ሁሉንም ልጅ ያደረግሻቸው" ብለው ዶማቸውን አንስተው ሄዱ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሣሩን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ሰርቄ ባይ ረዝመዋል። ደስ አለኝ። መርዘም ማደግ ይመስለኝ ነበር። ብርሃን ፍለጋ አንገታቸውን እያሰገጉ እንደሆነ አላወቅሁም።

ካፖው አጣዬ ሰንብቶ በካሚዮን ተመለሰ። ካሚዮኑ ለጣርማ በር ሠራተኛ ጭኖ ነበር፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋውም። ካፖው በቀጥታ ወደ መደቡ መጣ። መጀመሪያ ያየው ማጭዱን ነው።

"ይህ ምንድነው ይላል" አሉ አቶ ሀብቴ።

"ዘበኛ ነው በሉት" አለች ጥሩነሽ።

ካፖው ሣሩን በጫማው ገፋው። ችግኞቹ ነጥተዋል፣ ቀጥነዋል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድሟል። ግማሾቹ አንገታቸው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት በስብሷል። የካፖው ፊት ቀላ።

"ምን ያስቆጣዋል?" አለች ጥሩነሽ በቀስታ። "ራሱን መስለው ነው የወጡት።"

አቶ ሀብቴን ሳል ያዛቸው። እኔም ፍርሃት ይዞኝ እንኳ ሳቅ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ።

ካፖው ሦስተኛው መደብ ላይ ደረሰና ነጠላውን በዱላው ጫፍ አነሳው። ቀይ ጥለት ያለው፣ አንድ ጠርዙ በሰማያዊ ክር የተጠቀመ ነው። የማን እንደሆነ ጠየቀ።

"ነጠላው የኔ ነው" አለች ጥሩነሽ።

ውሸት አልነበረም። ቀጥሎ "የሸፈንኩት እኔ ነኝ" የሚለው ቃል የኔ ድርሻ ነበር። ዘነበች ጀርባዬ ላይ ተኝታ ትንፋሿ አንገቴን ያሞቀኛል። አፌ አልተከፈተም። ጋሽ ኑሩ እኔን አዩ፣ ቀጥለው ቦዩን አዩ።

ካፖው ነጠላውን መሬት ጥሎ በእጁ ወደ ካሚዮኑ አሳየ። ጥሩነሽ ወደዚያው አመራች፤ ተከትያት ሄድኩ።

"ጥሩዬ፣ እኔ ልንገረው" አልኳት። ድምፄን ግን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ ይህንንም አውቀዋለሁ።

"ተይው፣ እትዬ። እኔ የማዝለው የለኝ። ደግሞ ከዚህ ሙቀት ብርዱ ይሻለኛል።" ካሚዮኑ ሲነሳ ከላይ ሆና ጮክ አለች፦ "ዘነበችን ፀሐይ ስታሞቂ እነዚያንም አሙቂያቸው። ያው ናቸው።"

እውነቷን ነበር። በየጠዋቱ ልጄን ቅቤ ቀብቼ ከዚያው መደብ አጠገብ ፀሐይ አሞቃት ነበር። ምች የቀትር ፀሐይ ነው እንጂ የጠዋት አይደለም። ይህን ለልጄ አውቄ ለችግኙ ሳላውቅ ቀረሁ።

በማግስቱ መግለጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ለጥቂት ጊዜ፣ በየቀኑ ትንሽ እያረዘምኩ። ቀትር ላይ ስስ ሣር፣ ማታ ምንም። ውሃውን በጣቴ እየለካሁ አጠጣሁ። ተጨናንቀው የነበሩትን ዓይኔን ጨፍኜ ነቀልኩ። ካፖው ራሱ በርከክ ብሎ ረጅሞቹን ችግኞች እንዴት አጋድሞ ግንዳቸውን አፈር ማልበስ እንደሚቻል አሳየኝ፤ ከተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር ያወጣሉ። አንዱ መደብ ተረፈ፣ ሁለቱን እንደገና ዘራን።

ቲማቲሙ ሲቀላ የመጀመሪያውን ፍሬ ለዘነበች ሰጠኋት። አኘከችና አንገቴ ላይ ተፋችው። ጋሽ ኑሩም ቀምሰው "አልሐምዱሊላህ፣ ለጣሊያን ይሁንለት" አሉ።

በዚያው ወር አቶ ሀብቴን፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለካፖው ነግረው ጥሩነሽን እንዲያስመልሷት ለመንኳቸው።

"ይህን ካስተረጎምኩ እሷ አትመለስም፣ አንቺ ትጨመሪያለሽ" አሉኝ። ዳግመኛ አልጠየቅኋቸውም።

ዘነበች በደንብ መራመድ ስትጀምር ለጋሽ ኑሩ ሚስት ትቻት፣ ቲማቲም በጫነ ካሚዮን ጣርማ በር ወጣሁ። አንዲት ድንጋይ ፈላጭ "ያቺ ቀልደኛዋ? ወደ ሌላ ሰፈር ወስደዋታል" አለችኝ። ሌላዋ ወደ አገሯ ወርዳለች አለች። በሁለት ገበያ ቀን ካራቆሬ ሄጄ ጠየቅሁ። ያየ አልነበረም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላም በችግኝ ሥራ ቆየሁ። ቡና፣ ብርቱካን፣ ፓፓዬ አፍልቻለሁ፤ በመጨረሻም የመደብ ኃላፊ ሆኜ ሴቶችን አሠልጥኛለሁ። ለሁሉም የነገርኩት አንድ ነው። ዘር ጨለማ ውስጥ ይበቅላል፤ ከበቀለ በኋላ ብርሃን፣ አየር፣ የልኩን ውሃና የራሱን ቦታ ይፈልጋል። በቆላ ጥላ የሚሰጠው ለቀትር ብቻ ነው። ከዚያ የሚያልፈው ሽፋን ለችግኙ ሳይሆን ለሸፋኙ ፍርሃት ነው።

ጥሩነሽ የካራቆሬ ልጅ ናት፤ ጠይም፣ ቀጭን፣ ስትናገር ቀልድ የምታስቀድም። በጣርማ በር መንገድ ሥራ አብሯት የነበረ ወይም ከዚያ በኋላ ያያት ሰው ካለ፣ ሸዋ ሮቢት ገበያ የችግኟ አስካለ ብሎ ይጠይቅና ይንገረኝ። ነጠላዋን አጥቤ አስቀምጫለሁ።