አውራ ጣት

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ማንም አልደበደበኝም፤ የታሰርኩትም ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

ሱዳን ውስጥ፣ ከሐምዳይት የስደተኞች ጣቢያ ወደ ገዳሪፍ ስመለስ ኬላ ላይ ቦርሳዬ ተፈተሸ። ወታደሩ ደብተሬን ሲገልጥ «ሞዳሊቲ» የሚል አንድ ቃል አራት ቦታ ተጽፎ፣ ሥሩ የተለያየ ማብራሪያ አገኘ። የምስጢር ጽሑፍ ነው ብሎ ከመኪና አወረደኝ።

ክፍሉ የቆርቆሮ ነበር፤ ቀትር ላይ ግድግዳው አያስነካም። ሰባት ነበርን። መቀመጥ አቅቶኝ ከበሩ እስከ ባልዲው ተመላለስኩ።

«ምን አድርገህ ነው?» አሉኝ ከመተማ የመጡ ሽማግሌ የሰሊጥ ሠራተኛ።

አስረዳኋቸው። ሞዳሊቲ ለሐኪም የሕክምናው ዓይነት ነው። በአመክንዮ የግድ የሚሆነውና ሊሆን የሚችለው የሚለዩበት ነው። ለሙዚቃ ሰው ወደ ቅኝት ይጠጋል፤ ለቋንቋ አጥኚ ደግሞ ተናጋሪው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ የሚታይበት ነው።

«አንድ ቃል አራት አልጋ ይዞ ተንፈላሷል፤ እኛ እግር መዘርጊያ አጣን» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

«ያስተማረኝ ሰው...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

«ለእኔም አትንገረኝ።»

መምህሬ ስደተኛ ነው፤ እዚያው ሐምዳይት ያለ ፈቃድ ዳስ ሥር ያስተምራል። ስሙ ከወጣ ድንበር አሻግረው ይመልሱታል።

«ወረቀት ያመጡልሃል» አሉ ሽማግሌው። «እርሻ ላይ ወኪሉ ወረቀት ሲያመጣ፣ ጮክ ብሎ እስኪያነብልን በግድ እንዳያስፈርመን አውራ ጣታችንን በጡጫችን ይዘን ነው የምንቆመው።»

«አባባ፣ እኔ እኮ መጻፍ እችላለሁ።»

«ለእነሱ ሐበሻ ሁሉ ጣት ነው።»

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠርቶኝ ሻይ አቀረበልኝ። አራቱንም ትርጉም በዓረብኛ ዘረዘርኩለት።

«ጎበዝ ተማሪ ነህ» አለኝ። ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታ ነው።

ከዚያ ወረቀትና የጣት አሻራ ቀለም ገፋልኝ። ጣቴን ጨበጥኩ።

«ይነበብልኝ።»

አነበበው። መጨረሻው ላይ «ደብተሩን የሰጠኝ» ይልና ክፍት ቦታ አለ።

«ስሙን ንገረኝ፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እጅህን ክፈት።»

«አልከፍትም ጌታዬ።»

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ሽማግሌው ውኃ አቀበሉኝ። ጆጉን የተቀበልኩት በግራ እጄ ነበር፤ ቀኙ አልፈታ ብሎኝ።

አሁን የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። መምህሬ ዛሬም ያስተምራል፤ ስለ እሱ ምን እንደተጠየቅኩ አልነገርኩትም። ሰው ጎበዝ ሲለኝ ግን ተቀምጬ መስማት አልችልም፤ እነሣለሁ፣ ደጅ ወጥቼ እመለሳለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ከተፈታሁ በኋላም በየሳምንቱ መርማሪው ዘንድ እየቀረብኩ እታይ ነበር። ጉዳዩ የተዘጋው ክፍት ቦታው ሳይሞላ፣ በጥቅምት የመጨረሻው ሐሙስ ነው።