የኩሬው አጥር በሚካኤል ቀን

ይግዛው ደግ ገበሬ ነበር፤ በዓል ማክበር ላይ ግን ያበዛዋል። ሰቆጣ ዳር ባለው ግቢው የክረምት ውኃ የሚያጠራቅምበት ኩሬ ሲቆፍር፣ ጎረቤቱ ኢድሪስ ሱቁን ዘግቶ አብሮት አፈር ሲዝቅ ከረመ። ቀበሌውም ኩሬ ያለው ሁሉ ዙሪያውን በእሾህ እንዲያጥር፣ በር እንዲያበጅለት፣ በሩም ክፍት እንዳይውል አዘዘ። በደርግ ጊዜ ትእዛዝ መች ጠፍቶ! በዚህኛው ግን ማንም አላጉረመረመም፤ ልጅ ያለው ሁሉ ገብቶታል። ይግዛውም ደኅና አድርጎ አጠረ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት በሬው አጥሩን ጥሶ ውኃው ውስጥ ገባ። በሬውን ቢያወጡትም አጥሩ ተሸንቁሮ ቀረ። ይህን ያየ ኢድሪስ መጥረቢያውን ይዞ ከች አለ።

"ግራር ቆርጨ ልድፈነው። ለእኔ እንደሁ በዓል አይደለም።"

"ተው እንጂ! በሚካኤል ቀን ከግቢየ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማ? ነገ በጠዋት እኔው እቆርጣለሁ።"

"ልጆች አሉ፣ ይግዛው።"

"ሞፈር አጋድምበታለሁ አልሁህ!"

ኢድሪስ ጎረቤቱን ማስቀየም አልወደደም፤ ተመለሰ። ይግዛውም ሞፈሩን አጋድሞ ወደ ማኅበሩ ሄደ። ሞፈር በሬ ይመልስ ይሆናል። የኢድሪስ ልጅ ዓሚኔ ግን ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች። እንደ ልማዷ ከይግዛው ሚስት ከጥሩሐረግ ዘንድ ልትጫወት መጥታ፣ ማንም ሳያያት ከሞፈሩ ሥር ሾልካ አለፈች።

ይግዛው ጩኸት ሰምቶ ሲሮጥ ደረሰ። ልጅቱን ከኩሬው አውጥተዋት ጥሩሐረግ ጭን ላይ ተኝታለች። ትንፋሽ አልነበራትም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ኢድሪስ ክስ የለኝም አለ። ይግዛው ግን ቢሰድበው፣ ቢመታው በወደደ። ኩሬውን መልሶ በአፈር ሞላው፤ አልቀለለውም። ሚካኤል ስለ አንድ እቅፍ ግራር የሚቀየም መልአክ አይመስለኝም። ይግዛውም ይህ የገባው በልጅቱ ቀብር ላይ ነው።

በመጨረሻ አላስችል ብሎት ኢድሪስ ሱቅ ድረስ ሄደ።

"ለምን ዝም ትለኛለህ? የገደልኋት እኔ ነኝ። ስትለምነኝ ከለከልሁህ።"

ኢድሪስ ቀና ብሎ አየው።

"አንተስ ከለከልኸኝ። እኔ አባቷ ግን እሺ ብየ ተመለስሁ። እንቅልፍ የሚነሳኝ የአንተ አይደለም፣ የእኔ ነው።"

ይግዛው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ኢድሪስን ልጁን ብቻ ያሳጣው መስሎት ነበር።